የደራሽ ትከሻ

ሊይዙኝ የመጡ ዕለት መብራት ነበር። በዚያ ሰሞን ብቸና ውስጥ መብራት ሲመጣ ሰው የያዘውን ጥሎ ወደ እኔ ሱቅ ይሮጥ ነበር፤ መታወቂያ የሚያባዛ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የልጁን ሰርተፊኬት ላሚኔት የሚያስደርግ። ያን ቀን ግን ገና ማለዳ ስለነበር ደንበኛ አልገባም። ፋታውን ተጠቅሜ የራሴን ሥራ አባዛለሁ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እያጉረመረመ ወረቀት ያወጣል፣ እኔ ትኩስ ትኩሱን እያነሳሁ በስቴፕለር አያይዛለሁ።

ሦስት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከማሽኑ ላይ አንድ ገጽ አነሳና ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየው። ጭምብል ያጠለቀ፣ ካባው በነፋስ የሚውለበለብ ሰው፣ በትከሻው ሳጥን አንግቶ የጉንደ ወይንን ገደል በእግሩ ሲወርድ ይታያል። ከላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪኖች ተደርድረዋል።

«ማን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ደራሽ ነው» አልኩት።

እውነቱን ልናገርና በኩራት ነው ያልኩት። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ አዋቂ ሰው ስለ ሥራዬ እንዲጠይቀኝ ስመኝ ኖሬ፣ የጠየቀኝ እሱ ሆነ።

«የት ነው የሚገኘው?»

«የትም አይገኝም። ፈጠራ ነው፣ የሥዕል ታሪክ ነው። ኮሚክ ይባላል።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ጃኬትህን ልበስ» አለኝ። የተያያዘውንም ያልተያያዘውንም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቁት። ማሽኑን ራሴ አጠፋሁት። ሙቀቱ ሳይወጣለት ቢሸፈን ይበላሻል ብዬ ጨርቁን ሳላለብሰው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አቧራ ይገባበታል ብዬ ነው።

የወሰዱኝ በከተማው ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት የነቀዝ መድኃኒት ሽታና የከረመ እብቅ ፊቴን መታኝ። መስኮቱ ከፍ ብሎ ጣሪያው ሥር ነው፣ በሽቦ ተከልሏል። ከእሱ የሚወርደው ብርሃን ላይ አቧራው ሲንሳፈፍ ይታያል። በየግድግዳው ሥር ሰው ካርቶን አንጥፎ ተቀምጧል። ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ አስነጠሰኝ።

«ይማርህ» አለ ከግራ በኩል አንድ ድምፅ።

በዚያ ቤት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ድምፁ የአንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ነበር። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ካርቶናቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ሞጣ ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሐጂ አሉ፤ ዕቃ ሊጭኑ ብቸና መጥተው መንገድ ላይ የተያዙ ናቸው። ከሐጂ ቀጥሎ ደግሞ አንድ የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ መምህር ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከተማው ቲቸር እያለ ነው የሚጠራው፣ እኛም እንደዚያው አልነው።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?» አሉኝ የኔታ።

«ሥዕል ሥዬ ነው የኔታ።»

ቲቸር ከተደገፈበት ቀና አለ። «ደራሽን?» አለኝ።

ክው አልኩ። «ያውቁታል እንዴ?»

«የሣልከው አንተ ነህ ማለት ነው! ክፍል ውስጥ ከተማሪ ቀምቼ አንብቤዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ልቀጣቸው ነው ያነበብኩት።»

«ሁለተኛውንስ ክፍል?»

ቲቸር «እሱን ሌላ ክፍል ገብቼ ነው የቀማሁት» አለ። ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ እኔም እስረኛ መሆኔን ለቅጽበት ረሳሁ። አንባቢ ማግኘት እንዲህ ነው። ከዚያ ቲቸር ጉሮሮውን ጠረገና «ሥራህ ግን መጥፎ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ያደግሁት ሞጣ ነው። ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ፣ ማንም የማይነካው የመጽሐፍ ካርቶን ነበር። ከሥሩ ያገኘኋቸው የጀግኖች ኮሚኮች ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ መጀመሪያና መጨረሻቸው የሌለ ነበሩ። ጀግናው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ነገሩ በምን እንዳለቀም አላውቅም። የማውቀው መሐሉን ብቻ ነው። አንድ ሰው ሊጠፋ ሲል ፊቱን የሸፈነ ሌላ ሰው ይደርሳል። እንግሊዝኛዬ ከዚያ የመጣ ነው፤ መምህሮቼ በእነሱ ጥረት የመጣ ይመስላቸዋል። የጎደለውን መጀመሪያና መጨረሻ ራሴ እየሣልኩ እሞላ ነበር። በኋላ ስልክ ስይዝ ሙሉዎቹን አገኘሁ፤ አብዛኞቹ መጨረሻቸው ከእኔ የባሰ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ይህን ስል ጉረኛ ልመስል እችላለሁ። ልምሰል።

ስለዚህ ቲቸር የሚለውን ሳይጀምረው አውቀዋለሁ። ኢንተርኔት በነበረ ጊዜ ስለ እነዚህ ጀግኖች የተጻፈ ትችት ያላነበብኩት የለም። አድናቂ ከሁሉም በላይ ነቀፋውን ነው የሚያጠናው። የሚወደውን ነገር የሰደበበትን ሰው ንግግር ቃል በቃል ይዞት ይዞራል።

«ይሄ ነገር» አለ ቲቸር፣ «ሕዝብን ቁጭ ብለህ ጠብቅ የሚል ትምህርት ነው። ችግር በመጣ ቁጥር አንድ ጡንቸኛ ከሰማይ ይወርዳል፣ ይደበድባል፣ ይሄዳል። ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው። በሚቀጥለው ወር ሌላ ክፉ ይነሳል፣ እሱም ይመለሳል። ሞተ ያልከውም አይሞትም፤ ከሞት መነሳት እኮ እንደ ጉንፋን ቀለለ! ደግሞስ የእኛ ነው? ካባውን ከየት አመጣኸው?»

«የእኔ ደራሽ አይደበድብም» አልኩት።

«እሱማ የባሰ ነው። ካልተደባደበ ጭምብሉ ለምኑ ነው?»

«ስሙን ላለመናገር ነዋ። እኛ አገር አንድ ቦኖ ውሃ ሲሠራ ከውሃው በፊት ሰሌዳው ነው የሚተከለው። ማን አስገነባው፣ ማን መረቀው፣ ሁሉም ይጻፋል። ውሃው ሲደርቅ ሰሌዳው ይቀራል። አንድ ሰው ሠርቶ፣ ስሙን ሳይጽፍ ዞር ሲል ማየት ነው እኔን ያስወደደኝ። ጡንቻውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።»

«የሰሌዳውን ነገር እንኳ እውነቱን ነው» አሉ ሐጂ።

ቲቸር ሊመልስ አፉን ሲከፍት የኔታ መቋሚያ የለመደውን እጃቸውን አነሱ። «ቆዩማ። እንዲህ እየተናጠቃችሁ አይሆንም። በእኔ ጉባኤ ቤት ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ገጥሞ ሲመጣ መጀመሪያ ይነግራል። የሚነቅፈው ሰው የሰማውን አስተካክሎ ይደግማል። ባለቤቱ ‹አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልኩት› ካላለ መንቀፍ አይችልም። ነቀፋው ሲጀመር ደግሞ ባለቤቱ ዝም ነው። አፉን ከከፈተ ቅኔው አላለቀም ማለት ነው፣ ሄዶ እንደገና ይቁጠር። እኔ በዚህ ነው ስንቱን ሊቅ ያወጣሁት።»

«ሥዕል እኮ ነው የኔታ» አለ ቲቸር።

«ቢሆንስ? ሰው ቆጥሮ ያመጣው ነገር አይደለም?»

እንዲህ ሆኖ ጉባኤው ተጀመረ። ጠዋት ዳቦና ሻይ ከቀመስን በኋላ፣ ከመስኮቱ የሚወርደው ብርሃን መሐል ወለሉ ላይ ሲያርፍ፣ እኔ በጡብ ስባሪ ሲሚንቶው ላይ አንድ ገጽ እሥላለሁ። ሰው ከየካርቶኑ ተነስቶ ይከበኛል። ደራሽ መንገድ በተዘጋበት አገር ሳጥኑን አንግቶ ከከተማ ከተማ ይሄዳል። ገደል ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ማን መሆኑን ሳይናገር ይመለሳል። ታሪኩ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ሐጂ ግን በየገጹ «እሺ ከዚያስ?» ይሉኛል። የሞጣን ገበያ ስሥል የራሳቸውን ሱቅ አይተው «በሩ በዚያ በኩል አይደለም የሚከፈተው» ብለው ተቆጡኝ። አስተካከልኩት፣ አንጀታቸው ራሰ። ከዚያ ቲቸር የገጹን ታሪክ ይደግማል፣ እኔ «አዎ» እላለሁ፣ ነቀፋው ይወርዳል። ነቀፋው ሲያልቅ ወለሉን በውሃ እናጥበዋለን።

ቲቸር ጥሩ ተቺ ነበር፣ አልክደውም። ሲነቅፍ አይራራም፣ ያላነበበውንም አይነቅፍም። እኔ ደግሞ ያን ያህል ዘመን ሥዬ እንዲህ ተቀምጦ ያየኝ ሰው አልነበረም። እቤቴ ከሆንኩት በላይ ሠዓሊ የሆንኩት እዚያ ነው።

አንድ ጠዋት ግን ቲቸር ጣቱን ወለሉ ላይ አሳረፈና «ይሄ ትከሻ» አለ። «በየገጹ አይቼዋለሁ፤ የታተመውም ላይ እንደዚሁ ነው። የግራ ትከሻው ወርዷል። ሰውዬው እንዳለ አጋድሏል። ሳጥኑን ሲያነግት ይሁን፣ ሳጥኑን አስቀምጦ ሲቀመጥ እንኳ ያጋድላል። ጀግና ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ይሄ የአሣሣል ድክመት ነው።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የየኔታ ሕግ ባይኖር ኖሮ እንደዚያ በሰው መሐል ሁሉንም እዘረግፈው ነበር፣ ምክንያቱም በሥራዬ ውስጥ ከምንም በላይ የምኮራበት ያ ትከሻ ነው። ካባውን ከሰው ነው የወሰድኩት፣ ጭምብሉንም ከሰው ነው የወሰድኩት፤ ትከሻውን ግን በዓይኔ አይቼ ነው የሣልኩት።

ደራሽ በሕይወት ያለ ሰው ነው። እናቴ ሞጣ ናት፣ ስኳር አለባት። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ኢንሱሊኗ አለቀ። ከብቸና ልልክላት ያልሞከርኩት የለም፣ የሚሄድ መኪና አልነበረም። እዚያው ሞጣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ ነርስ አለ። ባላገሩ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱ «ነርስ ነኝ» እያለ ያርማል፣ የሚሰማው የለም። ይህ ሰው የክትባት ሳጥን ውስጥ መድኃኒት በበረዶ ጠቅልሎ፣ በእግሩ ከሌላ ከተማ አምጥቶ፣ ለእናቴም ለሌላውም ቤት ለቤት አደለ። የማን ወገን ነህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ማን እንደላከው የጠየቁትን ግን ሳቅ ብሎ ያልፋቸዋል። ሳጥኑን ዘወትር በግራው ስለሚያነግት ባዶ እጁን ሲሆንም በግራ ያጋድላል። በኋላ እናቴን ላያት ሄጄ ከቤቷ ሲወጣ ከኋላው አየሁት። ዘመኔን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት የኮሚክ ገጽ የሞጣን ኮረኮንች እየረገጠ ሲሄድ አየሁት። የዚያኑ ዕለት መሣል ጀመርኩ።

ይህን ሁሉ ለቲቸር አልነገርኩትም። «ነቀፋው አለቀ» አሉ የኔታ፣ እኔም ወለሉን ማጠብ ጀመርኩ።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ቀን ላይ ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ሹራብ ለብሷል፣ ፊቱ ሻይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ገጾቼ በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። እኔ ራሴ በስህተት ያዘዋወርኩትን አንድ ገጽ ሳይቀር ቦታው መልሶታል።

«አንብቤዋለሁ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም።

«ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት።»

«ለማን?»

«ለታመመ።»

«ለየትኛው ወገን ታማሚ?»

«ታሪኩ ውስጥ ያለው ታማሚ ነው፣ ወገን የለም።»

«ጠላት የሌለው ጀግና አይጥምም» አለ። ቲቸርም ይህንኑ ብሎኛል ልለው ነበር፣ ተውኩት። ሻዩን ፉት አለና አንድ ገጽ ወደ እኔ አዞረ። ጣቱን ያሳረፈው ትከሻው ላይ ነው።

«ይሄ ሰው ያጋድላል። በሁሉም ገጽ ያጋድላል። ሞጣ ውስጥ በግራው እያጋደለ የሚሄድ፣ ሳጥን ይዞ የሚዞር ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ስሙን አንተ ትነግረኛለህ። ዛሬውኑ ሱቅህን ትከፍታለህ። ካልነገርከኝ እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ፣ አንተም እዚሁ ትከርማለህ።»

እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩት።

ኮሚክ የሚያነብ ሰው ይህን ገጽ ያውቀዋል። በየታሪኩ አለ። ጀግናው የለም፤ የተያዘው ወዳጁ ነው፣ ከጭምብሉ ሥር ያለው ማን ነው እየተባለ ይጠየቃል። እኔ ሁልጊዜ ያን ገጽ ዘልዬ ነበር የማልፈው፣ ጀግናው እስኪመጣ ቸኩዬ። ማን ስለ ወዳጁ ብሎ ያነባል? እዚያ ወንበር ላይ ግን ማንም እንደማይመጣ አወቅሁ። የሚመጣው ሰው እንዳይመጣ ነው የእኔ ሥራ።

«ያጋደለው» አልኩት፣ «መሣል ስለማልችል ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቀኝ ይገምታል። ሰው ሌባ ነህ ቢለኝ እታገሠዋለሁ፤ መሣል አትችልም ቢለኝ ግን ሳምንት አልተኛም።

መርማሪው ፈገግ አለ። «አትቀልድ» አለኝ።

«እውነቴን ነው። አብረውኝ ያሉትን ይጠይቁ። የአማርኛ መምህሩ በሰው ሁሉ ፊት ነው የነገረኝ፣ ድክመት ነው ብሎኛል።»

ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «ሣል» አለኝ። «እዚሁ ፊቴ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው።»

ሣልኩ። እጄ መስመር ባገኘ ቁጥር ቀጥ ማለት ይፈልጋል፤ ለዓመታት ያስተማርኩት ያንን ነው። ያዝኩት። ሰውዬውን በልኩ ወደ ግራ አጋደልኩት። ብዙ ባጋድለው ሆን ብዬ እንደሆነ ይነቃል፣ ጥቂት ባጋድለው አያምነኝም። መርማሪው አየና «ጠረጴዛውን» አለኝ። ጠረጴዛው ወደ ግራ አጋደለ። «በሩን» አለኝ። በሩም አጋደለ፣ ያውም በዚያው ልክ። «ውጭ ያለውን ዛፍ።» ዛፉንም። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሥዬ አላውቅም። ጥሩ ሥዕል ሲሣል ስህተት ቢገባ ይታለፋል። ይህኛው ግን አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ብታመልጠኝ ሰው ነው የሚታሰርባት።

«እኔን ሣለኝ» አለ በመጨረሻ፣ ወንበሩን አስተካክሎ።

ቀና ብዬ አየሁት። ጥሩ ፊት አለው፣ ለሥዕል የሚሆን። ጆሮውን አስረዘምኩ፣ አንገቱን አሳጠርኩ፣ እሱን ከነወንበሩ በዚያችው ልክ ወደ ግራ አጋደልኩና ወረቀቱን መለስኩለት።

ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቁ ገንፍሎ ወጣ። በሩን ከፍቶ ጓደኛውን ጠራ። «ና እስቲ ይሄን እይ! ይሄ ነው እንግዲህ ሠዓሊው! እኔንም ዘመም አድርጎኛል፣ በሩንም ዘመም አድርጎታል። ለዚህ ብለን ሞጣ ድረስ ልንሄድ ነበር እኮ!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፣ ያፈረ እንዲመስላቸው።

«እጅህን አሞህ ነው?» አለኝ ጓደኛው።

«ከልጅነቴም እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ካልቻልክ ለምን ትሥላለህ?»

«ስለምወድ» አልኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ ሳላሰላስል ያወጣሁት ይህን ብቻ ነው።

ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ ሁሉም ተነስቶ ከበበኝ። ትከሻውን እንደጠየቁኝ፣ እኔም የአሣሣል ስህተት ነው እንዳልኳቸው ነገርኳቸው። ስለ ነርሱ ትንፍሽ አላልኩም።

«እኔስ ምን ብዬህ ነበር?» አለ ቲቸር፣ እንደ ማዘንም እንደ ደስ መሰኘትም እያደረገው። «ነገ ስትሥል አቃናው፣ ይለይልህ።»

የኔታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር። ፊቴን አተኩረው አዩት። ምን እንዳዩበት አላውቅም፣ አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩም።

«እንዳታቃናው» አሉኝ።

«የኔታ፣ ስህተት መሆኑን እኮ ራሱ አምኗል!» አለ ቲቸር።

«ሰምቻለሁ። እንዳታቃናው ብዬዋለሁ።» ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐጂ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው አዩና ከተረፈላቸው ቆሎ ግማሹን በእጄ ላይ ዘረገፉልኝ። «ብላ» አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት የሣልኩት ደራሽ እንደ ወትሮው አጋድሎ ነበር፤ ቲቸርም ገጹን ደግሞ፣ ስለ ትከሻው ግን ምንም ሳይል ነቀፋውን ጨረሰ።

ለምን እንደተለቀቅሁ የነገረኝ የለም። አንድ ቀን ከሌሎች ጋር ጠሩኝና ሂድ አሉኝ። ገጾቼን አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማሽኑ አቧራ ጠጥቶ ጠበቀኝ፣ ፈትቼ ጠረግሁት። ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ሣልኩት። ይሄኛው ከፊተኛው የተሻለ ነው፣ ያላመነ መጥቶ ይይ። ቲቸርም ተፈትቷል። ተማሪዎቹ አሁን ቅጂውን ወስደው የሚያነቡት በግልጽ ነው፣ እሱ ግን መጥፎ ነው ማለቱን አልተወም። ጥሩ ነው ቢለኝ ኖሮ የታመመ ይመስለኝ ነበር።

ስለ እነዚህ ጭምብላም ጀግኖች የሚባለውን ዛሬም አነባለሁ። የልጅ ነገር ነው ይላሉ፣ ጉልበት ማምለክ ነው ይላሉ፣ የቸገረው ሰው የሚያልመው ሕልም ነው ይላሉ። ብዙው ልክ ነው። እኔ እንኳ ራሴ የምጨምርባቸው አለኝ። ግን ከዚያ ካርቶን ሥር ያገኘኋቸው የተገነጠሉ ገጾች አንድ ነገር አስተምረውኛል። የሌላ ሰው ስም ካንተ ዘንድ ሲቀመጥ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን። ከትምህርት ቤትም ከሌላም ቦታ ሰምቼው ይሆናል፤ የገባኝ ግን ከእነሱ ነው።

ባለፈው ሞጣ ሄጄ እናቴ ቤት ተቀምጠን ሳለ ነርሱ ስኳሯን ሊለካ መጣ። እናቴ የልጇን ሥራ ለመጣ ሰው ሁሉ ሳታሳይ አታሳልፍም። መድኃኒቷን ወግቷት ሲያበቃ ኮሚኩን እጁ ላይ አኖረችለት። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጠው። ገደሉ ጋ ሲደርስ ቆየበት። እኔ ጣቱን እያየሁ ነበር።

«ጎበዝ ነህ፣ አሣሣልህ ደስ ይላል» አለኝ። «ታሪኩ ግን አይታመንም። ለማያውቀው ሰው ብሎ፣ ያውም ማንም ሳይልከው፣ ያን ሁሉ አገር በእግሩ የሚያቋርጥ ማን አለ? እንዲህ ያለ ሰው እኮ የለም።»

እናቴ አንድ ነገር ልትል ነበር። ዓይኗን አየሁትና ተወችው።

«እውነትህን ነው ዶክተር» አልኩት። «የለም።»

«ነርስ ነኝ» አለ እየሳቀ። ተነስቶ ሳጥኑን አነገተ። ወንዙ ማዶ የምትጠብቀው አራስ እንዳለች፣ ሳይመሽ መድረስ እንዳለበት ነገረን። እስከ ውጭ በር ሸኘሁትና መታጠፊያው እስኪሸፍነው ድረስ ቆሜ አየሁት። በሥራዬ ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።